የሰኞ ጠዋት ወባ፦ ዲኤችአይኤስ2ን ለወረዳ ሥራ እንዴት እንጠቀምበት

የጤና ሪፖርት የሚሞላበትና የሚታይበት ሶፍትዌር በሆነው ዲኤችአይኤስ2 ላይ ሥልጠና ያልወሰደ የወረዳ ጤና ባለሙያ አሁን ብዙ የለም። ችግሩ ያለው ሥልጠናው ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጥር እንዴት እንደሚገባ ይታያል። ከገባ በኋላ ምን እንደሚሠራበት የሚነገረው የመጨረሻው ቀን ከሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሁሉም ልብ አበሉ ጋ ነው። እኔም የወረዳ መረጃ ሥራ ስጀምር እንደዚያው ነበርኩ። እሞላለሁ፣ "ኮምፕሊት" የምትለዋን የማጠናቀቂያ ቁልፍ እጫናለሁ፣ እገላገላለሁ። ወረዳችን ውስጥ ወባ መጨመሩን የምሰማው ከዞን ሲደወልልን ነበር። የሞላሁት እኔ፣ ያወቁት እነሱ።

መሙላቱን ታውቁታላችሁ ብዬ እዘለዋለሁ። እዚህ የምናወራው የገባው ቁጥር እንዴት እንደሚነበብና እንዴት ሰው ወደ ጎጥ እንደሚያስልክ ነው። በአብዛኛው ስለ ወባ ነው የማወራው፤ ትንኝ ስለሚያስተላልፋቸው ሌሎች ሁለት በሽታዎች፣ ስለ ዴንጌና ቺኩንጉንያ፣ ወደ መጨረሻው ትንሽ እላለሁ።

ወባ አገራችን ላይ ምን ማድረግ እንደሚችል ለማስታወስ ያህል፦ እ.ኤ.አ. በ1958 በተነሳው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። ቅርቡን ካያችሁ፣ በ2019 የታማሚው ቁጥር ወደ 900 ሺህ ወርዶ ነበር። በ2023 ወደ 4.1 ሚሊዮን ወጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መሠረት ከጥር 2024 መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር) ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሞ 1,157 ሰው ሞቷል። ሶፍትዌሩ በእነዚህ የቅርብ ዓመታት ሁሉ ነበረ። የወረዳችንን ቁጥር በዚያው ሳምንት ስንቶቻችን እንዳየነው ግን ለራሳችን እንተወው።

ከመክፈታችሁ በፊት

ዲኤችአይኤስ2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ፣ ሥሩ ደቡብ አፍሪካ የሆነ፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ነው። ሲከፍቱት የሚጫን ነገር ብዛት ያስፈራል። ለወባ ሥራ በየሳምንቱ የሚያስፈልጋችሁ አራቱ ናቸው፦ ዳታ ኢንትሪ (መሙያው)፣ ዳታ ቪዥዋላይዘር (ሠንጠረዥና ግራፍ ማውጫው)፣ ማፕስ (ካርታው) እና ዳሽቦርድ (ግራፎቹ በአንድ ላይ የሚታዩበት)። ሌላውን እርሱት።

አንድ ነገር ከወዲሁ እወቁ። በወረዳ ደረጃ የሚሰጣችሁ ፈቃድ በአብዛኛው መሙላትና ማየት ብቻ ነው። አዲስ ቅጽ፣ አዲስ መለኪያ ወይም አዲስ የማረጋገጫ ሕግ መፍጠር የክልል ወይም የፌዴራል አስተዳዳሪ ሥራ ነው። "እንዲህ ዓይነት ሕግ ጨምሩልን" ብሎ መጠየቅ ግን ይቻላል። እኔ ለአንዷ ሕግ ሦስት ወር ጠይቄያለሁ። ገብታለች።

ሰኞ ጠዋት ዳሽቦርዱን ስትከፍቱ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ክፈቱ። የት ጨመረ? እውነት ነው ወይ? ማን ነው የሚሄደው? ከእነዚህ ለአንዱም የማይመልስ ግራፍ ካለ ከዳሽቦርዱ አውጡት። ዓመታዊ ክብ ቻርት፣ የወንድና ሴት ንፅፅር ለዓመቱ ግምገማ ይቆይ። ሰኞ ጠዋት ቦታ ይዞ መቀመጥ የለበትም።

ባዶ ሌላ፣ ዜሮ ሌላ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የመጀመሪያው ትልቅ ስህተቴ ከዚህ የመጣ ነው።

አንድ ዓመት ጥቅምት ላይ የወረዳችን ወባ ለሦስት ሳምንት በተከታታይ ወረደ። ግራፉ እንደ ቁልቁለት ነው። ኃላፊው ደስ አለው፣ በስብሰባ ላይም ተነገረ፣ እኔም ተሞገስኩ። በአራተኛው ሳምንት ከአንድ ጤና ኬላ 61 ታማሚ በአንዴ መጣ። ለካ የኬላዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወሊድ ላይ ነበረች፣ ተተኪ አልተላከም፣ ኬላው ተዘግቶ ሪፖርት አልመጣም ነበር። ወባው አልወረደም፤ የቆመው ቆጠራው ነው። እኛ ባዶውን እንደ ዜሮ አንብበን ተደሰትን።

እንዲህ እንዳይሆን ከታማሚ ቁጥር በፊት የሪፖርት ምጣኔውን ተመልከቱ። ዳታ ቪዥዋላይዘር ውስጥ የመረጃ ዓይነት ስትመርጡ "ሪፖርቲንግ ሬት" የሚል አለ። የሳምንቱን የወባ ቅጽ ምረጡ፣ ጤና ኬላዎቹን በሙሉ አስገቡ፣ ያለፉትን 12 ሳምንታት አስገቡ፣ ውጤቱን በሠንጠረዥ አውጡት። በአግድም ሳምንት፣ በቁም ኬላ። ባዶ ቦታዎቹ እንደ ወለቀ ጥርስ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባሉ። ቢያንስ 80 በመቶው ኬላ በጊዜ ሪፖርት ካላደረገ የዚያን ሳምንት ድምር ለማንም አትናገሩ። እኔ በበኩሌ 80ም አያስተማምነኝም። የቀረው 20 በመቶ ብዙ ጊዜ ቆላው፣ መንገድ የሌለው፣ ወባው ያለበት ነው።

ሲስተሙ ውስጥ ያለች አንዲት ነገር ደግሞ አለች። ዲኤችአይኤስ2 ላይ ዜሮ ብትጽፉም፣ መለኪያው ዜሮን እንዲያስቀምጥ ተደርጎ ካልተዘጋጀ ዜሮው አይቀመጥም። ነገ ስትከፍቱት ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ "ምንም ታማሚ የለም" የሚለውን የምትነግርላችሁ ያቺ "ኮምፕሊት" ናት። ቅጹ ኮምፕሊት ተብሎ ባዶ ከሆነ በእርግጥም ታማሚ የለም ማለት ነው። ኮምፕሊት ሳይባል ባዶ ከሆነ ስልክ አንሡ።

ታማሚ ሲቀንስ ኪቱን ጠይቁ

የወባ ቁጥር ብቻውን ይዋሻል። ከጎኑ ስንት ሰው እንደተመረመረ ካልቆመ ዋጋ የለውም።

ምሳሌ ልስጥ፤ ቁጥሩን ለማስረዳት ብዬ ያወጣሁት ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጤና ጣቢያ 120 ሰው መርምሮ 36 ሰው ላይ ወባ አገኘ እንበል። በዚህ ሳምንት 40 መርምሮ 22 ላይ አገኘ። ታማሚውን ብቻ የሚያይ ሰው "ከ36 ወደ 22 ወረደልን" ይላል። ከተመረመረው አንፃር ግን ባለፈው 30 በመቶ ነበር፣ አሁን 55 በመቶ ሆነ። ከሁለት ሰው አንዱ በላይ ወባ አለበት ማለት ነው። ተመርማሪው ለምን ከ120 ወደ 40 ወረደ? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አንድ ነው፦ የፈጣን ምርመራ ኪት፣ አርዲቲው፣ አልቋል። ሲያልቅ ደግሞ ባለሙያው ያለችውን ለባሰበት ያስቀምጣል፣ ሌላውን በምልክት ብቻ ያክማል ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይልካል።

ዳሽቦርዳችሁ ላይ ሁለቱን በአንድ ግራፍ አድርጓቸው። የተመረመረው በዓምድ፣ ከተመረመረው ስንት በመቶው ላይ ወባ እንደተገኘ የሚያሳየው በመስመር። ዓምዱ ሲያጥር መስመሩ ከወጣ የኪትና የመድኃኒት ክምችቱን ጠይቁ፤ ኮአርተም፣ ክሎሮኪን፣ ፕሪማኪን ስንት እንደቀረ። ዓምዱም መስመሩም አብረው ከወረዱ ያኔ ቡና ይፈላ።

ከዚያ የየወባውን ዓይነት ድርሻ ተመልከቱ። እኛ አገር ዋናዎቹ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ናቸው። ፋልሲፓረም በድንገት ከጨመረ ብዙ ጊዜ አዲስ ንክሻ ነው፤ ገዳዩም እሱ ነው። ቫይቫክስ ግን ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሚያገረሽ፣ የቫይቫክስ መጨመር ሁሌ ትንኝ በዝቷል ማለት አይደለም። ፕሪማኪን በሥርዓቱ እየተሰጠና እየተጨረሰ አለመሆኑንም ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቀለም አትደምሯቸው።

የማረጋገጫ ሕጎችን አስተዳዳሪው ካስገባላችሁ በየሳምንቱ አስሩጧቸው። ካላስገባ በዓይን ሥሩት። ወባ የተገኘበት ከተመረመረው መብለጥ የለበትም። የፋልሲፓረም፣ የቫይቫክስና የድብልቁ ድምር ከጠቅላላው ጋር መግጠም አለበት። ኮአርተም የወሰደው ሰው ፋልሲፓረምና ድብልቅ ከተገኘበት ብዙ ከራቀ የሆነ ነገር አለ። 21ን 210 ብሎ የጻፈ ጣት ሁሌም አለ፤ የእኔም ጣት አድርጋዋለች።

ገደቡን ማስላት

ስንት ታማሚ ሲሆን ነው "በዛ" የሚባለው? በግምት አይሆንም። አገራችን ውስጥ የሚሠራበት ዘዴ ቀላል ነው። ያለፉትን አምስት ዓመታት የዚያኑ ሳምንት ቁጥር ትወስዳላችሁ፣ ከአምስቱ ሁለተኛውን ትልቅ ቁጥር ገደብ ታደርጋላችሁ። የአምስት ዓመት መረጃ የሌለው አዲስ ኬላ ከሆነ ያለፈውን ዓመት የዚያኑ ሳምንት ቁጥር በሁለት አባዙ።

እንበልና የአንድ ኬላ 40ኛ ሳምንት ላለፉት አምስት ዓመታት 12፣ 31፣ 18፣ 44፣ 23 ነበር። ትልቁ 44፣ ሁለተኛው 31። ገደቡ 31 ነው። ዘንድሮ 35 ከመጣ አልፏል፤ መኪና ፈልጉ። ኤክሴል ላይ "ላርጅ" የሚባለው ፎርሙላ ይህን በአንድ ረድፍ ይሠራላችኋል፤ 52ቱንም ሳምንት ለመጨረስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ዲኤችአይኤስ2 ውስጥም "ፕሬዲክተር" በሚባለው መሣሪያ ካለፉት ዓመታት ገደቡን አስልቶ፣ ሲታለፍ ለተመደበው ሰው መልእክት እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። እሱን የሚያዘጋጀው አስተዳዳሪው ነው፣ ጠይቁት። እስኪሰማችሁ ኤክሴሉ ይበቃል።

ለምን ሁለተኛው ትልቅ ተመረጠ? አንደኛው የወረርሽኝ ዓመት ከሆነ እሱን ለመዝለል ነው። አሁን ግን አደጋው እዚህ ጋ ነው። ከአምስቱ ዓመታት አንዱ ብቻ ሳይሆን ሁለቱ ክፉ ከነበሩስ? 2023ና 2024ን አስቡ። አንድ ኬላ 14፣ 17፣ 20፣ 88፣ 95 ካለው ሁለተኛው ትልቅ 88 ነው። ዘንድሮ 60 ቢመጣ "ከገደብ በታች" ተብሎ አረንጓዴ ይበራል። 60! በደህናው ጊዜ ከነበረው ሦስት እጥፍ። ስለዚህ እኔ ሁለት መስመር ነው የማሰምረው። አንዱ በመመሪያው መሠረት ሁለተኛው ትልቅ፣ ሌላው ከአምስቱ መካከለኛው፣ እዚህ ላይ 20። በሁለቱ መሐል ከገባን ለዞን ወረርሽኝ ነው ብዬ አላሳውቅም፣ ግን ዝም ብዬም አልቀመጥም፤ ስልክ እደውላለሁ።

ቀበሌን ከቀበሌ ስታወዳድሩ በሕዝብ ቁጥር አካፍሉ። 9,000 ሰው ያለበት ቀበሌ 45 ታማሚ ቢኖረው ከሺህ 5 ነው። 3,000 ሰው ያለበት 30 ቢኖረው ከሺህ 10። የባሰው ትንሹ ነው፤ በጥሬ ቁጥር ግን ወደ ትልቁ ትሄዱ ነበር።

ደግሞ የቀን አቆጣጠር። የሳምንቱ ሪፖርት ከሰኞ እስከ እሁድ ነው፣ ሳምንቱም የሚቆጠረው በፈረንጅ ነው። የወሩ ሪፖርት በእኛ አቆጣጠር ሆኖ ከ21 እስከ 20 ይዘጋል። ስለዚህ አራት ሳምንት ደምራችሁ ከወሩ ጋር ካልገጠመ አትደንግጡ፣ አይገጥምም። በተለይ መስከረምን ተጠንቀቁ። ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ስትቆጥሩ ጳጉሜ በመሐል ስላለች 35 ቀን ይሆናል፣ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን 36። ወባው ምንም ሳይጨምር የመስከረም ወር ሪፖርት ከነሐሴው በልጦ ሊታይ ይችላል። የወር ግራፍ ይዞ "መስከረም ላይ አሻቀበ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ቀኑን ይቁጠር።

ሶፍትዌሩ የማያውቀው ጎጥ

የዲኤችአይኤስ2 መዋቅር ከፌዴራል ጀምሮ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ጤና ጣቢያ እያለ ጤና ኬላ ላይ ያበቃል። ትንኟ ግን በጤና ኬላ አትመደብም፤ ከአንድ ረግረግ ብዙም ሳትርቅ ነው የምትነክሰው። ከኬላው በታች ለመውረድ የኬላው መዝገብ ያስፈልጋል።

ገደቡን ያለፈ ኬላ ስታገኙ ላይን ሊስት አሠሩ። እያንዳንዱ ታማሚ አንድ ረድፍ። ዓምዶቹ እነዚህ ይበቃሉ፦ የመዝገብ ቁጥር፣ የተመረመረበት ቀን፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ጎጥ፣ የወባው ዓይነት፣ ባለፈው አንድ ወር ከቀበሌው ውጭ አድሮ እንደሆነ፣ ሌሊት አጎበር ሥር ተኝቶ እንደሆነ። ስም አትጻፉ። ስሙ መዝገቡ ላይ አለ፣ ካስፈለገ በቁጥሩ ይገኛል። ይህን አጥብቄ የምለው ላይን ሊስቱ በመጨረሻ የት እንደሚገባ ስለማውቅ ነው፤ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ። ግሩፑ ውስጥ ደግሞ ወረዳ ከቀየሩ ሦስት ዓመት የሆናቸው ሰዎች አሉ።

ከዚያ ፒቮት ቴብል (ኤክሴል ረድፎቹን በየጎጡ የሚቆጥርበት ሠንጠረዥ)፣ ጎጥ በቁም፣ የታማሚ ብዛት በጎኑ። እዚህ ጋ ፊደላችን አንዴ ያሳብዳችኋል። "ሥላሴ ሰፈር"፣ "ስላሴ ሰፈር"፣ "ሥላሤ ሰፈር" ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኤክሴል ሦስት ሰፈር ናቸው። "ፀሐይ በር" እና "ጸሃይ በር"ም እንደዚያው። በሦስቱ ሥላሴ ሰፈሮች አራት አራት ታማሚ ተበትኖ ሲታይ ምንም የበዛ ቦታ የለም ብላችሁ ታልፋላችሁ፣ ስትደምሩት አሥራ ሁለት ነው። መፍትሔው የጎጦቹን ስም አንዴ በተስማማችሁበት ፊደል ዘርዝራችሁ፣ ኤክሴል ላይ በ"ዳታ ቫሊዴሽን" ከዝርዝር ብቻ እንዲመረጥ ማድረግ ነው። ጎጦቹን ስትዘረዝሩ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጎናችሁ አስቀምጧት። እሷ የማታውቀው ጎጥ የለም፣ ቢሮ ያለው ዝርዝር ግን ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው።

አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ 19 ታማሚ ካለው ኬላ 14ቱን አንድ ጎጥ ላይ አገኘናቸው። ጤና ኤክስቴንሽኗ መዝገቡን በጣቷ እየተከተለች "እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም" ስትል ትዝ ይለኛል፣ ጣቷ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ነበር። በእግር ሄድን፣ አርባ ደቂቃ። ጎጡ ጫፍ ላይ ሰዎች ለቤት ምርጊት ጭቃ ያወጡበት ጉድጓድ ተደርድሯል፣ ሰባት ወይም ስምንት፣ ሁሉም ዝናብ ሞልቶታል። በነጭ ጭልፋ ቀዳን። እጮቹ ውኃው ላይ ጋደም ብለው፣ ከውኃው ወለል ጋር እኩል ተኝተው ነበር። የወባ ትንኝ እጭ እንደዚያ ነው የሚተኛው፤ የሌሎቹ ትንኞች እጭ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ ይንጠለጠላል። ባለቤቶቹን ጠርተን ውኃውን አፋሰስን፣ ጉድጓዶቹን በአካፋ ደፈንን። በሦስተኛው ቀን መጠናቀቁን አየሁና ላይን ሊስቱ ላይ ቀኑን ጻፍኩ።

ቀኑን መጻፍ አትርሱ። የተደፈነበት፣ የተረጨበት፣ አጎበር የታደለበት ቀን ካልተጻፈ በኋላ ግራፉ ለምን እንደወረደ ማንም አያውቅም። ውጤቱን ደግሞ በሳምንቱ አትጠብቁ። የተነከሰ ሰው እስኪታመም አንድ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፣ በበሽታው የተያዘችው ትንኝም ገና በሕይወት አለች። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ነው ለውጡን መፈለግ።

"ከቀበሌው ውጭ አድሯል ወይ" የምትለዋን ዓምድ ደግሞ አትናቋት። ከደጋ ወረዳዎች ብዙ ወጣት ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። ሲመለስ ወባውን ይዞ ይመጣል። 2,400 ሜትር ላይ ባለ ቀበሌ 20 ታማሚ ካገኛችሁና 18ቱ ከሰሊጥ የተመለሱ ከሆኑ፣ ቀበሌው ላይ ኬሚካል መርጨት ገንዘብ መድፋት ነው። መናኸሪያው አጠገብ ባለው ጤና ጣቢያ ትኩሳት ያለበትን ተመላሽ ቶሎ መመርመርና ማከም ይሻላል። ከዚያ ቀበሌ ወጥቶ የማያውቅ ሕፃን ሲታመም ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያው እየተላለፈ ነው ማለት ነው።

ካርታና ዝናብ

ማፕስ ላይ ኬላዎቻችሁ የጂፒኤስ ነጥብ ካላቸው ከሺህ ስንት እንደሆነ በክብ መጠን አሳዩት። ነጥብ ከሌላቸው ለክትትል ስትወጡ በስልካችሁ ያዙና ለአስተዳዳሪው ላኩለት። ከበስተጀርባ የከፍታና የዝናብ ሽፋን መጨመር ይቻላል። ወባ በብዛት ከ2,000 ሜትር በታች ነው፣ ዋናው ወቅትም ከክረምቱ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ። ከዝናቡ እስከ ታማሚው ከአንድ እስከ ሁለት ወር ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያያችሁት ዝናብ የመስከረምና የጥቅምት ሥራችሁ ነው። ርጭቱም መስከረም ሳይገባ ካላለቀ ዘግይቷል። ሌላው የካርታ ማስዋብ ለአውደ ጥናት ነው።

ከተማ ላይ ከሆናችሁ

እስካሁን ያወራሁት ስለ ገጠሩ ነው፣ አኖፊሊስ አራቢየንሲስ ስለምትባለው የወባ ትንኝ። ከተማው ሌላ ጣጣ መጥቶበታል። አኖፊሊስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። ይቺ ረግረግ አትፈልግም። በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል፣ ስለዚህ በበጋም ትራባለች። "ወቅቱ አይደለም" የሚለውን ልማድ የምታፈርስ እሷ ናት። አምና በበጋ ዜሮ የነበረ የከተማ ቀበሌ ዘንድሮ በጥር አምስት ታማሚ ካመጣ ገደቡን ሳትጠብቁ ሂዱ።

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጌን፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያን አይታለች። እነሱን የምታስተላልፈው ኤዴስ ኢጂፕታይ የምትባለው ትንኝ በቀን ነው የምትነክሰው፣ የምትራባውም እዚያው የቤት ዕቃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለከተማ የቤት ለቤት ቅጽ ያስፈልጋችኋል። የታየ ቤት ብዛት፣ እጭ የተገኘበት ቤት፣ የታየ የውኃ ዕቃ፣ እጭ የተገኘበት ዕቃ፣ የዕቃው ዓይነት። ከእነዚህ ሦስት ቁጥር ይወጣል። 50 ቤት አይታችሁ በ9ኙ እጭ ካገኛችሁ 18 በመቶ። 200 ዕቃ አይታችሁ በ14ቱ ካገኛችሁ 7 በመቶ። 14ቱን ዕቃ ለ50ው ቤት አካፍላችሁ በ100 ስታባዙ 28፤ ከመቶ ቤት 28 እጭ ያለበት ዕቃ አለ ማለት ነው። ሥራውን የሚመራው ግን የዕቃው ዓይነት ነው። ከ14ቱ 11ዱ ክዳን የሌለው በርሜል ከሆነ ዘመቻው ክዳን ነው፣ ሌላ ጥናት አያስፈልግም። በርሜሉን ማፍሰስ ብቻ ግን አይበቃም። የኤዴስ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ደርቆም ለወራት ይቆያል፤ በብሩሽ መፋቅ አለበት።

ይህን ቅጽ በዲኤችአይኤስ2 የአንድሮይድ አፕ ላይ ማስገባት ይቻላል። ኔትወርክ ባይኖርም ይሞላል፣ ሲገኝ ያስተላልፋል። አንድ ምክር ብቻ፦ ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ቢሮ ዋይፋይ ላይ አንዴ ገብታችሁ አመሳስሉት። ሜዳ ላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊገባ የሞከረ ባልደረባ ነበረኝ፤ ፓስዎርዱን ኔትወርክ ስላላረጋገጠለት ቀኑን ሙሉ በወረቀት ሞልቶ ማታ ገለበጠው።

ወደ ኬላው መመለስ

ከኬላ ቁጥር ይመጣል፣ ወደ ኬላ ግን ምንም አይመለስም። ጤና ኤክስቴንሽኗ ለዓመታት ስትልክ አንድ ግራፍ ልከንላት አናውቅም። ወር በገባ ቁጥር የየኬላውን አንድ ገጽ አትሙ። የዘንድሮው መስመር፣ ሁለቱ የገደብ መስመሮች፣ በቃ። እሷ ግድግዳው ላይ ትለጥፈዋለች፣ ቀጣዮቹን ሳምንታት ራሷ በእስክሪብቶ ትቀጥለዋለች። እኛ ጋ ይህን ከጀመርን ወዲህ ሰኞ ጠዋት ዳሽቦርዱን ሳልከፍት ስልክ የምትደውል አንዲት አለች። "ዛሬ መስመሩን አልፌዋለሁ፣ አርዲቲም ሁለት ፓኬት ነው የቀረኝ፣ መቼ ነው የምትመጡት?" ትላለች። ፕሪንተሩ ቀለም ሲጨርስ ደግሞ በማስመሪያ ሠርቼ እልክላታለሁ።